ሁለት ጊዜ ሲንኳኳ

ኬዮን ላይ፣ በቺሎዌ ደሴት ጫፍ፣ አስፋልቱ ባሕር ገብቶ ሲያልቅ፣
አንድ ሃንጋር አለ፤ ዝናቡ ክረምት ከበጋ ቆርቆሮውን የማይለቅ።
መድኃኒትና ደብዳቤ ወደ ደሴቶቹ የምታመላልስ፣
ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን መጣች፣ ልትታደስ።
ጨው ጫማዋን በልቶታል። ከመቶ አርባ ሪቬት
ዘጠና ሁለቱ ነጭ ዱቄት ሆነዋል፣ በቆሙበት።

ወንድሜ አብዶን ጎንበስ ብሎ አየ። እኔም አየሁ፣ በዝምታ።
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፤ ቃል የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ይቅርታ።
አባታችን ዶን ኔስቶር ሳጥኑን ለማን እንደተወ ሳይናገር ሞተ፤
አብዶን የአየር መዶሻውን ወሰደ፣ እኔ ድጋፍ ብረቱን፤
ማንም አልተጠቀመም።

መጀመሪያ ማውጣት ነው። ማስገባት ኋላ ይመጣል፤
የበሰበሰ ሪቬት ጥርስ ነው፣ ከታገሉት ድዱን ይዞ ይወጣል።
የቸኮለ መሮ ያነሳል፤ መሮም ኮፍያውን ይቆርጥለታል፣
ላሜራውንም አብሮ፤ ከዚያ ማን ይጠግንለታል?
እኔ ቡሊኖ ይዤ አናቱን መሃል ለመሃል ነካሁ፤
ፑንታ ማረፊያ ካጣ ይሸሻል፤ ይህን በጣቴ ጠባሳ ተማርሁ።
ትልቁን የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ተውሁት፤ ክንድ ይጎትታል።
ትንሿን መረጥሁ፣ በአየር የምትዞረውን፣ መዳፍ የምትሞላውን፣
ከሪቬቱ ወገብ በጥቂቱ በቀጠነ ፑንታ፤
ኮፍያው እስኪላላ ብቻ፤ ወደ ውስጥ ሳያልፍ፤ በዝግታ።
ቀዳዳ አንዴ ከሰፋ አይጠብም።
ከዚያ በቀጭን ዘንግ ግንዱን መግፋት፣ በቀላል ምት፤
ከወዲያ ሲወድቅ ይሰማል፦ ቅጭል።
ዘጠና ሁለት ጊዜ ቅጭል።

አብዶን ባለ ሁለት እጀታውን መሳቢያ አመጣ፣ ክፍት ሪቬት የሚጎርሰውን፣
ሲጨብጡት ጠቅ ብሎ ሽቦውን የሚበጥሰውን።
ጥሩ መሣሪያ ነው። የሳልሞን ሳጥን፣ የበር ማጠፊያ፣ የጭነት መኪና ጎን፣
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በየፊናችን በዚሁ ነው የበላን።
ከጀርባ ሰው አይፈልግማ!
ጫማዋ ግን ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ መሃሉ ክፍት የሆነ ውሃ ያስገባል።
አብዶን መሳቢያውን መለሰ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣
ሳል ሆነ።
ኮምፕሬሰሩን አስነሳ።
እኔም ቤት ሄጄ ብረቱን ከአልጋዬ ስር አመጣሁ፤
ቁመቷ ጣት፣ ክብደቷ የአራስ ልጅ።

እሱ ከታች በጀርባው፣ እኔ ከላይ በሆዴ፣
እስከ ትከሻዬ በጠባቡ በር ገብቶ ክንዴ።
አንድ ኳ፦ ድገም። ሁለት፦ በቃ፣ ያዘ። ሦስት፦ ተጣሟል፣ ይውጣ።
ልጆች ሳለን ነው አባቴ ያስተማረን፣ ግማሹን በፍቅር፣ ግማሹን በቁጣ፦
«ኤልባ፣ ጆሮሽን እጅሽ ላይ አድርጊው!»
አየሩን ቢያበዙት ላሜራው ይሰረጉዳል። ቢያሳንሱት ደግሞ
አሉሚኒየም በትንንሽ ምት ይደነድናል፤ ይሰነጠቃል ከርሞ።

የመጀመሪያው፦ ድርርርር። ሦስት አንኳኳሁ።
ሁለተኛውም ሦስት። አየሩን ሲቀንስ ሰማሁ።
ሦስተኛው አንድ፤ ከዚያ ሁለት።
ከዚያ ወዲያ አልተሳሳትንም። አልተያየንምም።

ዘጠና ሁለተኛው። መታ። ጣቴን አሳለፍሁበት፦
ክብ፣ ለስላሳ፣ እንደ ምስር።
ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ኮምፕሬሰሩ ተንፍሶ ዝም አለ፤ ዝናቡ ቀረ።
ከታች፣ በጥፍር ይሁን በጉልበት አላውቅም፣
አንድ ጊዜ ተንኳኳ።
አንድ?
ድገም ማለት ነው። ምኑን? ሥራው አልቋል።
ክንዴ እስኪደነዝዝ እዚያው ተኛሁ።

ሲመሽ መዶሻውን በዘይት ጨርቅ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛው፤
እኔም ብረቱን ከጎኑ።
ቁልፉን አልሰጠኝም። ኪሱም አልከተተው።
ጫማዋ ላይ አስቀምጦት ወጣ፣ ኮፍያውን ረስቶ፣ ዝናብ ውስጥ።